በጋ የማይበግራቸው ቁጥቋጦዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የአትክልት ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው የበዓል ቀን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ቀድሞዎቹ ተማሪዎች ብዙ መልካም ቃል ሰምታችኋል። እኛ የአትክልት ክበብ አባሎች የመጣነው ግን አንድ ትንሽ ነገር ልንነግራችሁ ነው፤ ይኸውም ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ስለ ተከልናቸው ቁጥቋጦዎች ነው። ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ በቀኝ በኩል አይታችኋቸው ይሆናል። ምናልባትም ከመካከላችሁ «ይህ ሁሉ ክትክታ በትምህርት ቤት ግቢ ምን ያደርጋል?» ብሎ የጠየቀ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ከሦስት ዓመት በፊት ያ ዳገት ባዶ ነበር። ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዞረ ስለ ሆነ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ጥላ የሚባል አያውቅም። አፈሩ ቀይ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይቦካል፣ በበጋ ዶማ ይመልሳል። በሐምሌ ጎርፉ ያንን አፈር እየጠረገ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ደጃፍ ያደርሰው ስለ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ጭቃ መጥረግ የተራ ሥራችን ነበር። ስለዚህ ዳገቱን በአበባ ለማልበስ አስበን ከተማሪዎችና ከወላጆች ገንዘብ አዋጣን፤ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮችም 120 ችግኝ ገዛን። አመራረጣችን ምን ነበር ብትሉን፣ በእውነቱ ምንም አልነበረም። ለምለም ሆኖ ያየነውን፣ ቅጠሉ ሰፊ አበባውም ትልቅ የሆነውን ገዛን። ጽጌረዳ ነበረበት፤ ለአጥር የሚሆን የፈረንጅ ጥድም ነበረበት፤ ስማቸውን ሻጩም እኛም የማናውቃቸው ብዙዎች ነበሩ።

በመስከረም ያየን ሁሉ አመሰገነን። በኅዳር ግን የሌሊቱ ውርጭ ለጋውን ቅጠል አቃጠለው፤ ከዚያ የጥር ፀሐይ የቀረውን ያዘ። በዚያ በጋ የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ይመጣ ነበርና፣ እያንዳንዱን ችግኝ በየቀኑ አንድ ጆግ ለማጠጣት ለእጅ መታጠቢያ ከተቀመጠው በርሜል እንቀዳ ጀመር። አንድ ቀን ማታ ከወላጆቻችን አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው አዩን። ጥቂት ቆመው ተመለከቱና፣ «ልጆቼ፣ እኔ ሌሊት ተነሥቼ ለወረፋ የምቆምለትን ውሃ እናንተ ለአበባ ትደፉታላችሁ?» አሉን። አልተቆጡም፤ መልስ ያጣነውም ስላልተቆጡ ይመስለናል። የካቲት ሲያልቅ ከ120ው ችግኝ የቀሩት 17 ነበሩ።

አትክልተኛችን ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ከርመው ነበር። የመጨረሻውን ደረቅ ጽጌረዳ ስንነቅል ጠሩንና ወደ ግቢው ጓሮ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች ወደሚጣሉበት ስፍራ ወሰዱን። በዚያ በድንጋይ መካከል አንድ ክትክታ በቅሎ ነበር። ሁለት ጊዜ ለማገዶ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ያቆጠቆጠ ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ፍሬውም እንደ ትንንሽ ቀይ ክንፍ ከቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። «ይህንን ማን አጠጣው?» ብለው ጠየቁን። እኛም፣ «ማንም አላጠጣውም አባባ» አልን። «እንግዲያው ከእሱ ጠይቁ» ብለውን ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እኛም ለመጠየቅ ተነሣን። ከሸጎሌ ሽቅብ ሲወጡ ሩቅ ሳይሄዱ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይገኛል። ይህ ስፍራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ስምምነት የተቋቋመ ሲሆን፣ 705 ሄክታር የሚያህለውን ተራራማ መሬት ይዞ የሀገራችንን ዕፅዋት ይጠብቃል፤ ያጠናልም። ከሥነ ሕይወት መምህራችን ጋራ በእግር ወጣን። ከዚያ ቀን በፊት ብዙዎቻችን ያንን ጋራ የምናውቀው ከሩቅ፣ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ነበር። በቅርብ ስናየው ግን ከባሕር ዛፉ መካከል እንኳ አያቶቻችን በስም የሚጠሩዋቸው ቁጥቋጦዎች ቆመው አገኘናቸው። ወሩ መጋቢት ነበር፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር፤ እነሱ ግን አረንጓዴ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ደረቅ አገር አይደለችም። በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይበልጣል። ችግሩ የዝናቡ አመጣጥ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አብዛኛው ይወርድና የበልጉ ካፊያ ካልደረሰ በቀር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ አፈሩ ይደርቃል። የሸጎሌ ዳገት ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ብርዱ ይቆረጥማል። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ መኖር የሚፈልግ ቁጥቋጦ አራት ወር ጭቃውን፣ ስምንት ወር ጥሙን፣ በመካከሉም ውርጩን መቻል አለበት። የባዕድ አገር መጽሐፍ ከፍተን «ድርቅ ይችላል» የሚል ቃል ያገኘንበትን ሁሉ ብንተክል የምንሳሳተው በዚህ ነው። የሜዲትራኒያን አገር ቁጥቋጦ ዝናቡን የለመደው በብርድ ወራት ነው፤ በጋው ደረቅ ነው። የኛ ክረምት ግን በሚያድግበት ወራት ሥሩን በውሃ ያሰጥመዋል። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ እንዲህ ሆኖብናል፤ በዳገቱ ግርጌ የተከልነው በነሐሴ በሰበሰ፣ በድንጋይ ክምር ላይ የተከልነው ግን ዛሬም ወጥ ቤታችንን ያገለግላል።

ክትክታን ከሌላው በፊት እናስቀድማለን። ቅጠሉን በጣታችሁ ብታሹት ይጣበቃል፤ ያ ሙጫ ቅጠሉን እንደ ሰም ሸፍኖ ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ይከለክላል። ቅጠሉም ቀጭን ስለ ሆነ ለፀሐይ የሚሰጠው ፊት ጥቂት ነው። ፍየል እምብዛም አይደፍረውም፤ ይህ ደግሞ አጥራችን በሦስት በኩል ክፍት ለሆነብን ለኛ ትልቅ ጸጋ ነው። ስለ ክትክታ ካነበብነው ሁሉ ያስገረመን ይህ ዕፅ የኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በአፍሪካ፣ በእስያ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ሙቅ አገሮች ይበቅላል። ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ መልክ የሚያደላው ዓይነቱ ከኒው ዚላንድ ተወስዶ በካሊፎርኒያ በሰው ደጅ ለጌጥ ይተከላል። በአውስትራሊያም ቀድሞ የሰፈሩ ሰዎች ቢራ ሲጠምቁ ሆፕ የሚባለውን ቅመም ቢያጡ የክትክታን ፍሬ ይጨምሩበት ነበር ይባላል። ጌሾ ያላቸው ጎረቤቶች ቢኖሩዋቸው ባልተቸገሩ ነበር! እንግዲህ በሰው አገር ለጌጥ የሚተከለውን እኛ «የማገዶ እንጨት» ብለን ካቃለልነው፣ ጉድለቱ የቁጥቋጦው አይደለም።

ቀጨሞን ብዙዎቻችን አናውቀውም ነበር። ቅጠሉ ትንሽ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ፍሬው እንደ በርበሬ ዘር አነስ ብሎ ይቀላል። የቀድሞ ሰዎች ለኮሶ ትል መድኃኒት ያደርጉት ነበር፤ ይህን ስንል ግን ማንም ተማሪ ፍሬውን ለቅሞ እንዲሞክር አይደለም። ይህ ቁጥቋጦ በምዕራብ ከአዞሬስ ደሴቶች ጀምሮ በአፍሪካ አልፎ እስከ ቻይና ድረስ ይገኛል። አድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ለመቁረጥ ግን የሚመች ስለ ሆነ ለዝቅተኛ አጥር ከፈረንጁ ጥድ ይልቅ እንመርጠዋለን። የፈረንጁ ጥድ ሁልጊዜ መቀስ ይፈልጋል፤ ካልተቆረጠለትም ዛፍ ሆኖ ይቀራል።

አጋምን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ከመካከላችን ጥቁሩን ፍሬ በልቶ ከንፈሩ ያልቀለመ ማን አለ? ነጩ አበባው ማታ ማታ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ያሸታል፤ ንብም ይወደዋል። እሾሁ ግን አይምርም። መጀመሪያ በመተላለፊያው ዳር ተክለነው አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ኳስ ሲያባርር እጁን ስለ ወጋው፣ ነቅለን ወደ ላይኛው አጥር አዛወርነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ ተረቱን እያወቅን ቁልቋልን ከአጋሙ አጠገብ ተከልን፤ ነፋስ በመጣ ቁጥርም እሾሁ እየወጋው ነጩ ወተት ሲወርድ አየን። ሁለቱን አራርቃችሁ ትከሉ።

ደደሆ፣ ወይራ፣ ቀረት፣ ጦስኝ፣ አደስ፣ ጥንጁት፤ ስለ እያንዳንዱ ብንናገር በዓሉ ያልፍብናል። ደደሆ በጣም ደረቅ በሆነው ላይኛው ጫፍ ቆሟል፤ እስካሁን አላሳፈረንም። ወይራ ዛፍ ነው፤ ነገር ግን በመቀስ ዝቅ አድርጎ መያዝ ይቻላል። ጦስኝ ቁመቱ ከስንዝር አይበልጥም፤ በድንጋይ መካከል እየተነጠፈ አፈሩን ይይዛል፤ ለሻይም ይሆናል። አደስ በቅቤ ውስጥ የሚገባው ነው። ጥንጁትን የምታውቁት የጠላ ጋን የሚታጠንበት ስለ ሆነ ነው፤ ቅጠሉ በጥቃቅን ጸጉር ስለ ተሸፈነ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ያ ጸጉር ነፋሱ ቅጠሉን እንዳያደርቀው ይጋርደዋል። እኛ ግን ጥንጁትን ውሃ በሚተኛበት ስፍራ ተክለን አምስቱንም አጣናቸው። በዳገቱ ላይ የቀሩት ሁለቱ ደኅና ናቸው።

ያጠፋነውን ከተናገርን ዘንድ አንዱን መደበቅ አይገባንም። ከጋራው ራስ ላይ ያለው አስታ በአበባው ማርኮን፣ አራት ለጋ አስታ ከመንገድ ዳር ነቅለን አመጣን። አራቱም በሁለት ሳምንት ሞቱ። ሥሩ ሲነቀል ይበጠሳል፤ ከተበጠሰ በኋላም ምንም ውሃ አያድነውም። መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ ያሉን ቃል እዚህ የሚነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከዱር ችግኝ አንነቅልም፤ ዘር ብቻ፣ እሱንም ከሠፈራችን አጥርና ከሰዎች ይዞታ ባለቤቱን አስፈቅደን እንለቅማለን።

የክትክታ ዘር ልብሱ ጠንካራ ስለ ሆነ እንዲሁ ቢዘራ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። ይህንን በሁለት መደብ ፈትነነዋል። በአንዱ ደረቁን ዘር ዘራን፤ በሁለተኛው የፈላ ውሃ አፍስሰንበት በውሃው ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ካሳደርነው በኋላ ዘራነው። በሁለተኛው መደብ ብቅ ያለው ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የአጋም ዘር ግን ከበሰለው ፍሬ ታጥቦ ሳይቆይ መዘራት አለበት። የወይራ ፍሬ በጣም ያስጨንቃል፤ ጠንካራውን ቅርፊት በዝግታ ሰብሮ ውስጡን ሳይጎዱ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በክበባችን ይህን የሚችሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው። ሮዝመሪና አደስ ከቅርንጫፍ ይባዛሉ፤ ጦስኝም ሥር ያበቀለውን እየከፈሉ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተማርነው ስለ ማጠጣት ነው። ድርቅ ቻይ የተባለ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት ድርቅ አይችልም። ጥማትን የሚችለው ሥሩ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው። በየቀኑ አንድ ጆግ የሚጠጣ ችግኝ ሥሩን ከላይ ያስቀራል፤ ውሃው ከላይ ነዋ! እኛ ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍረን፣ ዝናቡ አፈሩን ካራሰው በኋላ በሰኔ መጨረሻ 140 ችግኝ ተከልን። የችግኙን ላስቲክ ቀደን የተጠመዘዘውን ሥር ቆረጥን። በእያንዳንዱ ግርጌ፣ ከቁልቁለቱ በኩል፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እርከን ሠራን፤ መሬቱንም በድንጋይና በገለባ ሸፈንነው። በበጋው በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ሊትር ሰጠን። ሒሳቡን በመምህራችን ፊት አስበነዋል፦ በፊት 120 ችግኝ በቀን አንድ አንድ ሊትር ሲጠጡ በአሥራ አምስት ቀን 1,800 ሊትር ነበር፤ አሁን 140ው በአሥራ አምስት ቀን 700 ሊትር ነው። ይኸውም ከበርሜሉ የተቀዳ አይደለም፤ እጅ የታጠበበትን ውሃ አጠራቅመን ነው። በሁለተኛው በጋ ምንም አላጠጣንም። ዛሬ ጠዋት ስንቆጥራቸው 109 ቆመዋል።

ፍግ ማብዛትም አይጠቅምም። ፍግ የበዛለት ቁጥቋጦ ለስላሳ ቅጠል አውጥቶ ውርጭ ይበላዋል። መቀስም በጥቅምት አይነካውም፤ ዝናብ ሲቃረብ ነው።

«ድርቅ የሚችልና የማይረግፍ ሁሉ መልካም ነውን?» ብትሉን፣ አይደለም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ሲገባ ከተማችንን አድኗል። ማገዶ ጠፍቶ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር እስከ መባል ተደርሶ ነበርና፣ ውለታውን አንክድም። ዳሩ ግን በትንሽ ግቢ ውስጥ ውሃውን ሁሉ ስቦ በሥሩ ሌላ አያበቅልም። የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታናም አበባው ያማረ፣ ጥማት ቻይ፣ ለምለም ነው፤ ወፎች ዘሩን እየወሰዱ በገጠሩ ግጦሽና ዱር ላይ ስለሚዘሩት በብዙ የዓለም ክፍል ገበሬውን ያስለቀሰ አረም ሆኗል። እኛ አልተከልነውም፤ በግቢያችሁ ካለም እንድትነቅሉት እንለምናለን።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ፣ «የትምህርት ቤት ግቢ በጽጌረዳ ያምራል እንጂ በዱር ቁጥቋጦ አያምርም» ብለውናል። ጽጌረዳን አንጠላም፤ ሦስቱን በቢሮው ደጃፍ በጥላ ስር አሁንም እንንከባከባለን። ነገር ግን ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ከእሳቸው ቀጥሎ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በኢትዮጵያ በኩል የመሩት፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ የተደከመበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግቧል፤ ከመቶው 10 ያህሉም ከዚህ ምድር በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። ከዚህ ሁሉ መካከል በየግቢያችን የምናየው ስንቱ ነው? ባለፈው ሐምሌ ከዳገቱ የወረደው አፈር የዘጠነኛ ክፍልን ደጃፍ አልነካም። እኛ ያ ደጃፍ ያምርብናል።

አሁን ግንቦት ነው፤ ከአዳራሹ ስትወጡ ከዘበኛው ቤት አጠገብ 60 ችግኝ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ክትክታ፣ ቀጨሞ፣ አጋም፣ አደስና ጦስኝ ነው። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ ይሰጣል፤ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ላስቲኩን ብቻ መልሱልን። ወደ ቤት ስትገቡ ጉድጓዱን ቆፍሩ፣ ችግኙን ግን ዝናቡ እስኪጠና ድረስ በጥላ አቆዩት። አጋም የምትወስዱ ሕፃናት ከሚሮጡበት አርቁ። ከአደሶቹ ሁለቱ በክር ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ እነዚያን አታንሡብን። እኒያ ስለ ውሃው የጠየቁን እናት ባለፈው ሳምንት መጥተው አስቀምጡልኝ ያሉዋቸው ናቸው።